ስሙ የማይጠራው ቅጠል

ከሁሉ አስቀድሜ ያዳነኝ ምን እንደሆነ እንደማላውቅ ልናገር። ይህን ሳልል ብጀምር አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል።

ሰዎች ቤቴ እየመጡ ይጠይቁኛል። ጡቷ ላይ አንድ ነገር የዳሰሰች ሴት ትመጣለች፣ እናቷን የምታስታምም ልጅ ትመጣለች፣ አንዳንዴም ግራ የገባው ባል ይመጣል። «አስቴር፣ አንቺ ምን ወስደሽ ዳንሽ?» ይሉኛል። መልሴ ረጅም ነው። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል፤ የመጡት የአንድ ነገር ስም ሰምተው ለመሄድ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ጥቂት መስመር ጽፌ ለቀናት የማልመለስበት ጊዜ አለ። የሕመሜን ነገር ሳነሳ የባለቤቴ የማርቆስ ነገር አብሮ ይመጣል፤ አንዱን ከሌላው መለየት እስካሁን አልሆነልኝም።

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጨርቅ ስቆርጥ ጠረጴዛው ላይ ደረቴን አስደግፌ ነው። አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ጎንበስ ስል ግራ ጡቴ ውስጥ ባቄላ የምታክል ነገር ቆረቆረችኝ። በጣቴ ስነካት ትንቀሳቀሳለች፣ አታምም። ስለማታምም ናቅኳት። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ አታምም ብለሽ አትናቂ። የማያምም እብጠት ከሚያመው ይልቅ ሐኪም እንደሚፈልግ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ባቄላዋ ስታድግ በሰፈራችን ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ወጣት «የወተት ቱቦ ተደፍኖ ነው» ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር። ቤት ገብቼ ለማርቆስ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ሳቀ። «እኔ ያገባሁት ልብስ ሰፊ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የወተት ላም ኖሯል!» አለኝ። ኪኒኑ አለቀ፣ ባቄላዋ አላለቀችም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያ «ኢንፌክሽን ነው» ብለው መርፌ ወጉኝ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ነካ እንኳ ሳያደርጉኝ «ከጭንቀት ነው» አሉኝ። ከጭንቀት ነው ሲሉኝ መጨነቅ ጀመርኩ።

በመጨረሻ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰደኝ ማርቆስ ነው። ማርቆስ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። ከሀዋሳ ወጣ ባሉ ትንንሽ ከተሞች እየዞረ የሱቅና የሆቴል ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደልም የዓሣ ነጋዴዎችን ማቀዝቀዣ የሚያየው እሱ ነበር። ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ተከፍቶ ውስጡ ያልታየ ነገር አያምንም። «ሦስት ሰው ከላይ ከላይ አይቶ ሦስት ነገር ተናገረ» አለ። «ከፍቶ የሚያይ እንፈልግ።»

ከፍተው አዩ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ፣ ናሙናው ሄዶ እስኪመለስ ጠበቅን። በዚያ የጥበቃ ጊዜ ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ለመድኩ። ነጠላችንን ደረታችን ላይ አጣፍተን በተርታ ተቀምጠን፣ የማንተዋወቅ ሴቶች፣ ሌላ ቦታ የማይወራ ነገር እናወራለን።

«አንቺ የቱ ነው?» አለችኝ ውጤቴ በሚነገረኝ ቀን አጠገቤ ያለችው።

«ግራው።»

«የእኔም ግራ ነው። እስቲ አንቺስ?» አለች ወደ ቀጣዩዋ ዞራ።

«ቀኝ።»

«ወይኔ፣ ግራዎቹ በዛን!»

ሳቅን። ነርሷ በር ከፍታ «ምን ተገኘ?» ብላ ተቆጣች። ያን ሳቅ አልረሳውም፤ ያን ቀን ያገኘሁት ሌላ መልካም ነገር አልነበረም። ስገባ ዶክተሯ «ካንሰር ነው፣ እናቴ» አለችኝ። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ነገር ግን የሚታከም ነው። በመጀመሪያ በመድኃኒት እናሳንሰዋለን፣ ከዚያ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን።» መድኃኒቱ ኪሞ የሚሉት ነው፤ በደም ሥር የሚገባ፣ ካንሰሩንም ሰውየውንም የሚያደክም።

ከመጀመሪያው ኪሞ በኋላ የምግብ ሽታ ጠላሁ። ከሁሉም የዓሣ ሽታ። ማርቆስ ከአሞራ ገደል ሲመጣ የሥራ ልብሱን አጥር ላይ ሰቅሎ፣ ውጭ ተጣጥቦ፣ በቁምጣ እየሮጠ ይገባ ነበር። ጎረቤቶች ይስቁበታል። «ሽማግሌው አበደ» ይላሉ። ግድ አልነበረውም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በደረቀ ኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ምንድን ነው?»

«መድኃኒት።»

«የምን?»

«አይጠየቅም።»

«ከማን አመጣኸው?»

«እሱም አይጠየቅም» አለና ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ተቀመጠና በቁም ነገር ነገረኝ። አንድ አባት አሉ፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው፣ እንዲህ ያለ እብጠት ያለባቸውን ሰዎች አድነዋል። ሕጉ ግን ይህ ነው፤ ቅጠሉ ስሙ አይጠራም፣ የሰጠው ሰው አይነገርም። ከተነገረ ይከሽፋል።

«ለሐኪምም?»

«ለሐኪምም። ለእታለምም።»

እታለም የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት መሪ ናት፣ የልብ ወዳጄም ናት። ባህላዊ መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ ለእሷ ጠንቋይ ነው። ማርቆስ እሷን ይፈራት ነበር።

ከዛሬ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው። የአንዲት ትንሽ ማቀዝቀዣ ሞተር እንኳ ሳይፈታ የማያምን ሰው፣ ውስጡን የማያውቀውን ዱቄት አምጥቶ ጠጪ አለኝ። እኔም ማይልኝ ሲለኝ ማልኩለት። ፊቱን አይቼ እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር የታመመ የሚመስለው።

ጠዋት ጠዋት ምንም ሳልቀምስ በማር በጥብጬ እጠጣው ነበር። ቀለሙ አመድ የነካው አረንጓዴ ነው። ምሬቱ እስከ ምሳ ምላሴ ላይ ይቆያል። ሆስፒታል ስሄድ ነርሷ «ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ትጠይቀኛለች፤ «የለም» እላለሁ። ማርቆስ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል።

እብጠቱ ቀነሰ። ዶክተሯ በጣቷ እየለካች «በጣም ጥሩ እየሄደ ነው» አለች። እታለም እግዚአብሔርን አመሰገነች። ማርቆስ ከእታለም ጀርባ ቆሞ ጠቀሰኝ። እኔ ሁሉንም አመሰገንኩ። ያኔ ማንን ማመስገን እንዳለብኝ መለየት የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ከዚያ ማርቆስ ሞተ።

ከከተማ ወጣ ብሎ የአንድ ሱቅ ፍሪጅ ሊጠግን ሄዶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ወደቀ አሉኝ። ሰዎቹ መኪና ፈልገው ሲያመጡት መንገድ ላይ አለፈ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ነበርኩ የታመምኩት። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ሲደርሱ አንዳንዶቹ እኔን ሲያዩ ደንግጠው ይቆማሉ፤ ሞተ የተባለው ማን እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ጎረቤት አገጬን ይዛ «ዓይንሽ ቢጫ ሆነ እኮ። ለቅሶው ነው፣ ይብቃሽ» አለችኝ። እኔም ለቅሶው ነው ብዬ አመንኩ። ዓይን አልቅሶ ቢጫ ይሆናል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ልጄ ሕይወት ግን ዝም ብላ አላየችም። ድንኳኑ በተነሣ ማግሥት በባጃጅ ጭና ሆስፒታል አደረሰችኝ። ደም ወሰዱ፤ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው።

«ጉበትዎ ተጎድቷል» አለችኝ። «ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ኪሞው ከብዶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ወደ ጉበት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ የሕክምናው መንገድ በሙሉ ይቀየራል። ሦስተኛ፣ እኔ የማላውቀው የሚወስዱት ነገር ሊኖር ይችላል። እስክናውቅ ድረስ ኪሞው ይቆማል።»

አልትራሳውንድ አነሱኝ። አንዲት ጥላ ታየች፤ ጥላዋ ምን እንደሆነች የሚያነበው ሰው ሊናገር አልደፈረም። ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር የለም?»

ማርቆስ በሕይወት ቢኖር ምናልባት ወዲያው እናገር ነበር፤ ቢቆጣ እታረቀዋለሁ። ለሞተ ሰው የተማለ መሐላ ግን ማንን ጠይቀሽ ትፈቺዋለሽ? ሕይወት እጄን ጨበጠችው።

«ቅጠል አለ» አልኩ። «ባለቤቴ ነው ያመጣልኝ። እንዳልናገር አስምሎኛል።»

«ጥሩ፣ እሳቸውን እንጠይቃቸዋ።»

«ሞቷል።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ቀን እኔ ነበርኩ እሷን ያጽናናኋት ማለት ይቻላል።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት። አሁን ሳስበው እንደ ሕፃን የጠየቅሁ ይመስለኛል። «ግን እኮ እብጠቱ ቀንሷል። ቅጠሉ አሳንሶት ቢሆንስ?»

ወረቀት ገልብጣ መሐሉ ላይ አንድ ነጥብ፣ ዙሪያውን ብዙ ትንንሽ ነጥቦች ሣለች። እንደገባኝ አድርጌ ልጻፈው። ዕጢው ብቻውን አይኖርም። እንደ አንድ ክፉ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ጎረቤት አለው። ምግብ የሚያመጡለት የደም ሥሮች አሉ፣ ደግፎ የያዘው ሥጋ አለ፣ የሰውነት ጠባቂ የሆኑ ሴሎች አሉ። ዕጢው እነዚህን ጎረቤቶች ያባብላል። የደም ሥሩ ወደ እሱ እንዲያድግ ያደርጋል፣ ጠባቂው አይቶ እንዳላየ እንዲያልፍ ያደርጋል።

«አንዳንድ ዕፅዋት ዕጢውን ሳይሆን ጎረቤቶቹን ሊነኩ ይችላሉ ተብሎ ይጠናል» አለችኝ። «የሥጋውን መቆጣት ሊያበርዱ፣ ጠባቂውን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ነገር ግን ይህ አብዛኛው በላብራቶሪ ዕቃ ውስጥ የታየ ነው። ሰው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በደንብ አናውቅም። ያው ቅጠል የተኛውን ጠባቂ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ የነቃውንም ሊያስተኛ ይችላል። ከኪሞው ጋር ተጋጭቶ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።»

«ስለዚህ ረድቶኛል ወይስ ጎድቶኛል?»

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምንም ማለት አልችልም።»

ሕይወት ቤት ሄዳ ዱቄቱን ካኖርኩበት ማሰሮ ሥር የቀረችውን ጠርጋ አመጣች። ዶክተሯ አሸተተችው፣ በብርሃን አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች። ተፈጭቶ ከደቀቀ በኋላ ምን ቅጠል እንደነበር መለየት የሚችል ሰው አታውቅም። «ያልተፈጨ ቅጠል አምጡልኝ» አለች።

ከየት እናምጣ? ማርቆስ የማይሄድበት ከተማ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹን ጠየቅን፤ አንዱም አያውቅም። ምስጢሩን ጠብቆ ሞቷል። በእነዚያ ቀናት የፈራሁትን ፍርሃት እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ሲመሽ ሕይወት አጠገቤ ተኝታ ጉበቴ ያለበትን ቦታ በእጇ ትይዘዋለች፤ ብትይዘው የማይሄድ ይመስል። ጥላዋ ካንሰር ከሆነች ይህች ልጅ ሁለታችንንም በአንድ ዓመት ልታጣ ነው፤ የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ገና ቤታችን ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እታለምና ሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ተቀምጠው ሳሉ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ይግቡ አባባ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ይበሉ» አለቻቸው እታለም።

አልገቡም። ወንበሮቹን አዩ፣ ጥቁር ልብሴን አዩ። «ማርቆስ የለም?» አሉ።

እታለም ወደ እኔ ዞረች።

«ሊመጣ ተቀጣጥረን ነበር። ጠበቅሁት፣ ቀረ። ስልኩም ዝግ ነው። ፍሪጅ ጠጋኙ ቤት የት ነው እያልኩ ስጠይቅ እዚህ አደረሱኝ።» ይህን እያሉ ክንዳቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። እጃቸው ላይ በደረቀ ኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ነገር ነበር።

ጩኸቴን መቆጣጠር አልቻልኩም። ከቀብሩ ቀን ይልቅ ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። ሕይወት ሮጣ ያዘችኝ። ሽማግሌው ገባቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጥቅሉን መሬት አስቀመጡና ደፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

እታለም መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጥቅሉን አየች። «አስቴር፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ከጠንቋይ ቤት ነው?»

«እኔ ጠንቋይ አይደለሁም፣ እህቴ» አሉ አቶ ሃሜሶ፤ ስማቸው ይህ ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። «ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ በቤተ ክርስቲያን። ያንቺና የማርቆስ መጋቢ ባለፈው እኛ ጋ መጥቶ ሲሰብክ ምሳ የበላው እኔ ቤት ነው።»

እታለም ከወንበሩ ጥግ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ሲረጋጉ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉበቴን፣ ጥላዋን፣ የቆመውን ሕክምና። «አባቴ፣ ሐኪሟ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት። ስሙን ይንገሩኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልችልም።»

«ልሞት እችላለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። አባቴ ሲሰጠኝ አፌን አስምሎኛል። ስሙን ከጠራሁ ለአንቺ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ይከሽፋል። ወደፊት ለሚመጣውም።»

ሕይወት ተቆጣች። «አባቴም ምሎ ነው የሞተው! እናቴም ምላ ነው እንዲህ የሆነችው! መሐላችሁ ስንት ሰው ይጨርሳል?»

ሽማግሌው ልጄን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሻሹ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «የማለው አፌ ነው። እግሬ አልማለም።»

ማናችንም አልገባንም።

«ነገ ቤቴ ኑ» አሉ። «እኔ እሄዳለሁ። እናንተ ከኋላ ኑ። እኔ ምንም አልልም።»

የዕድሩ ዳኛ በመኪናው ወሰደን። ሐዘንተኛ ቤቷን ጥላ አትወጣም ያሉ ነበሩ፤ የገረመኝ እታለም ናት ዝም ያሰኘቻቸው። የአቶ ሃሜሶ ቤት ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበ ነው። ሰላምታ ከሰጡን በኋላ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በጓሮ በኩል መራመድ ጀመሩ። እኔና ሕይወት ተከተልን። ሕይወት የጨርቅ መቀሴን ይዛለች። በዚያ መቀስ ከጨርቅ በቀር ሌላ ነገር የቆረጠ ሰው ከእኔ ጋር ተጣልቶ ነበር የሚያድረው።

አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። ጀርባቸውን ሰጡት፣ ወደ ሰማይ ቀና አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሕይወት ቅርንጫፍ ቆረጠች። ቅጠሉን በጣቷ አሽታ ስታሸተው ዓይኗ ፈጠጠ። «እማዬ! ይሄ እኮ ግራዋ ነው! ጎረቤታችን አጥር ላይ ያለው!»

«እኔ አላልኩም!» ብለው ሽማግሌው ደንግጠው ዞሩ። «አንቺ ነሽ ያልሽው! እኔ ጉሮሮዬን ነው የጠረግሁት!»

ሳቅሁ። ማርቆስ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። ልጅ ሆኜ ማሰሮ ያጠብኩበትን ቅጠል ባሌ በኮባ ጠቅልሎ፣ አስምሎ፣ ከስንት አገር ተሸክሞ ነው ያመጣልኝ። ምሬቱንስ እንዴት አላወቅሁትም? ስም የሌለው ነገር ሲሆን ምላስም ይረሳል መሰለኝ።

አቶ ሃሜሶ ሌላ ሁለት ቦታ ቆሙ። አንደኛው ጋ የነበረው ብዙ ሰው ጓሮ የሚገኝ፣ ሕይወት ያላወቀችው እኔ ግን በዓይን የማውቀው ግዛዋ ነበር። ሦስተኛው መሬት ላይ የተኛ ትንሽ ተክል ነው። እዚያ ቆመው በእግራቸው ጣት አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ሥሩ ነው ማለታቸው እንደሆነ ገባን። ያን ተክል ከእኛ ማንም አላወቀውም።

ዶክተሯ ሦስቱን ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች፤ ፎቶ አንስታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕፅዋት ለሚያጠና ሰው ላከች። ሁለቱን ወዲያው አረጋገጠላት። ለሦስተኛው አበባውን ላኩልኝ አለ፤ የሚያብብበት ወቅት ግን አልነበረም፤ ይህንም ለአቶ ሃሜሶ ነገርናቸው። ስለ ግዛዋው የነገረችኝ ይህ ነው፤ በላብራቶሪ የዕጢውን ጎረቤቶች ሊነካ እንደሚችል ብዙ ይጠናል፤ አንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ ጉበት እንደጎዳ ይታወቃል።

«አንዱ ተክል?» አልኳት።

«አንዱ ተክል።»

መጠጣቱን አቆምኩ። ከዚያ ያለው ጥበቃ ነው፣ ስለ ጥበቃ የሚጻፍ ብዙ የለም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ደም ሰጠሁ፣ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት ሕይወት መስኮት አጠገብ አቁማ የዓይኔን ነጭ ታየዋለች። አንድ ጠዋት አቀፈችኝ። ዓይኔ ነጥቶ ነበር። አልትራሳውንዱ ተደገመ፤ ጥላዋ አልነበረችም። ካንሰሩ ጉበቴ ውስጥ አልገባም። ኪሞውን በጥንቃቄ ጀመሩልኝ፣ ጨረስኩ፣ ቀዶ ጥገናውን አደረግሁ። ከወጣው ሥጋ ውስጥ የቀረው የካንሰር ሴል በጣም ጥቂት ነበር።

ዶክተሯ ደስ ብሏት ነገረችኝ። «ኪሞው በደንብ ሠርቷል ብዬ ነው የማምነው» አለች።

«ቅጠሉስ?»

«አላውቅም፣ እናቴ» አለች። ብትዋሸኝ ይቀልላት ነበር። ስላልዋሸችኝ አከብራታለሁ።

ስለዚህ እኔም አላውቅም። ማርቆስ ያመጣልኝ ነገር ሊያድነኝ ረድቶኝ ይሆን ወይስ ሊገድለኝ ደርሶ ነበር? ልውቀሰው ወይስ ላመስግነው? አንዳንድ ቀን ፎቶው ፊት ቆሜ ሁለቱንም እለዋለሁ። እሱ ያው ይስቃል።

ለምታነቡ የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅጠል አትጠጡ ብዬ ብነግራችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ እኔም አልሰማም ነበር። ሐኪማችሁ ግን ይወቅ። ስሙን መጥራት ከከበዳችሁ ቅጠሉን አሳዩት።

በቅርቡ ለክትትል ሆስፒታል ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች፤ ከገጠር እንደመጣች ያስታውቃል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። የቦርሳውን ሽታ አወቅሁት።

«የቱ ነው?» አልኳት።

«ቀኙ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ?»

«ግራው ነበር። አሁን ደህና ነኝ።»

«ምን ወስደሽ?»

«ኪሞ። ቅጠልም ነበር። የቱ እንዳዳነኝ አላውቅም። ቅጠሉ ግን ጉበቴን ሳይጎዳው አልቀረም።»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን ያዞርብኛል። እሷ አላዞረችም። ዙሪያዋን አይታ ቦርሳዋን ከፈተች። ኮባ ነበር፣ በቃጫ የታሰረ። ፈታችው። ዱቄቱ ላይ ያልተፈጩ ሁለት ቅርንጫፎችና አንድ ሥር ከነአበባው በክር ታስረው ተቀምጠዋል።

«ሽማግሌው ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። «‹ይሄን እንዳትጠጪ፣ ለሐኪሟ ስጪ፤ አፍሽን ግን ዝጊ› አሉኝ።»

የሦስተኛው ተክል አበባ ትንሽ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

ተራዋ ደረሰ። ኮባውን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ቅጠሎቹን በእጇ ይዛ ገባች።